ከመስኮቱ የፈታኋቸው ክላምፖች

እኔ ብረት አከራያለሁ እንጂ አልሸጥም። ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ አንድ አይደሉም። የሚሸጥ ሰው ዕቃውን አስረክቦ ይገላገላል። ከዚያ ወዲያ ቢሰበርም ቢዝግም የገዢው ጣጣ ነው። የሚያከራይ ሰው ግን ብረቱ ከደጁ ከወጣ ጀምሮ ልቡ አብሮት ይሄዳል። የት ቆመ? ማን ወጣበት? መቼ ይመለሳል? ይሄንን ሥራ የመን፣ ዓደን ከተማ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቼዋለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ደሴ ነው፣ እስከ አራተኛ ክፍል። አባቴ የመኒ ነው፣ እናቴ ወሎዬ። በጎረምሳነቴ የአባቴ አገር ብዬ ዓደን ስመጣ ሐበሻ አሉኝ፤ ደሴ ደግሞ ዓረብ ነበርኩ። አልተከራከርኩም። ጽሕፈቴ ጥሩ አይደለም፤ የምጽፈውም የልጅ ልጄ ጀምራ በተወችው ደብተር ላይ ነው። ግን ነገሩን ሌላ ሰው ቢጽፈው ያሳምረዋል። ስለዚህ እኔው ልጻፈው።

ሱቁ የእኔ አይደለም። ሸይኽ ዑስማን ሰፈር ያለ የአንድ የመኒ ሐጂ ሱቅ ነው፤ ደንበኛ የማነጋግረው፣ ዕቃ የማወጣውና የማስመልሰው ግን እኔ ነበርኩ። ሥራው ከፍ ሲል ደስ ይላል። ዝናብ ጥሎ ምድር ቤት ውሃ ሲገባ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ይሻሙበታል። በጋ መጥቶ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ያለው ሰው ሱልጣን ነው። አንድ ጊዜ የራስ ኢምራን ዓሣ አጥማጆች ለሠርግ ብለው ጀነሬተር ወሰዱ። በቀኑ ስላልመለሱ ሄድኩባቸው። ጀነሬተሩ የዓሣ ማቀዝቀዣ ላይ ተሰክቶ ያጓራል።

«ሠርጉስ?» አልኳቸው።

«ያ ዐም፣ አጎቴ፣ ሙሽራዋ ትቆያለች፣ ዓሣው ግን አይቆይም» አሉኝ።

ስቄ ተመለስኩ። ዝቅ ሲል ደግሞ እንዲህ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ተብሎ የወጣ የሲሚንቶ ማደባለቂያ በዘጠኝ ቀኑ ይመጣል፣ ሆዱ ውስጥ ሲሚንቶ ደርቆበት። በመዶሻ ስናስወልደው እንውላለን። ሐጂው እንዲህ ያለ ቀን «ብረት ሲወጣ ሙሽራ ነው፣ ሲመለስ ፈት» ይላል። ሌላም አባባል ነበረው፤ «የለም ያለ አከራይ ደጁን በገዛ እጁ ዘጋ» የሚል። ይሄኛውን እኔ እንደ ዱዓ ይዤው ነበር። ሠላሳ ዓመት ለደንበኛ «የለም» ብዬ አላውቅም። በዚህም እኮራ ነበር።

ዋናው ሥራችን ሲቃላ ነው። ሲቃላ የምንለው ግንበኛና ለሳኝ ፎቅ ላይ የሚወጡበትን የብረት ርብራብ ነው። ረጃጅም ቧንቧዎች አሉት፣ የሚረገጡ ጣውላዎች አሉት፣ ቧንቧን ከቧንቧ የሚያስሩ ክላምፖች አሉት። ክላምፕ መዳፍ የምታህል ብረት ናት፤ ሁለት ብሎን አላት፣ በስፓና ትጠብቃለች። ትንሽ ስለሆነች ሰው ይንቃታል። ቧንቧ አይጠፋም። ክላምፕን ግን አሸዋ ይውጣታል፣ ሕፃን ይጫወትባታል፣ ቁራሌ ይለቅማታል። ሁልጊዜ የሚያጥረንም እሷው ናት።

ሲያጥረን አንድ መላ ነበረን። ከእኔ በፊት የነበረው አከራይ ነው ያሳየኝ። ሥራ የቆመበት ቤት ፈልገህ፣ እዚያ ከተተከለው የራሳችን ሲቃላ ላይ ጥቂት ክላምፕ ትፈታለህ፤ ለአዲሱ ደንበኛ ታሟላለህ፤ የሌላ ሰው ዕቃ ሲመለስ ወስደህ ትተካለህ። መዋዋስ እንለው ነበር። ከላይ ማንም ከማይረግጠው ረድፍ ትፈታለህ፣ ለሥራው ኀላፊም ትነግረዋለህ። ከመስኮት ግን አይፈታም። ሲቃላ ብቻውን አይቆምምና በየመስኮቱ ውስጥ ቧንቧ ገብቶ ከቤቱ ጋር ይታሰራል። ያ ከተፈታ ርብራቡ ከግድግዳው ጋር ያለው ዝምድና አበቃ። ይሄንን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ዓደን ውስጥ አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በፊት ኢንማ ከተማ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው መጣ። ትልቅ ደንበኛ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሌላ አከራይ ነበር የሚወስደው። ሐጂው ከውስጥ ሆኖ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

ሰውየው ቁልፉን እያሽከረከረ «ዛሬ ሙሉውን ትጭንልኛለህ ወይስ መንገዱን ልሻገር?» አለኝ።

«ሙሉ ነው» አልኩት።

አልነበረም። ሲጫን አሥራ ሁለት ክላምፕ ጎደለን። ጠዋት በጀበል ሐዲድ ተራራ ግርጌ ሳልፍ ሥራው የቆመ ባለ አራት ፎቅ ቤት አይቼ ነበር፤ ልስኑ ተጀምሮ ሲሚንቶ ጠፍቶ ተዘግቷል። ሲቃላው የእኛ ነው፣ የቧንቧው ጫፍ አረንጓዴ ተቀብቷል። ለተቋራጩ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሄድኩ። ዘበኛም የለም።

ጉልበቴ ርብራብ አይወጣም። ሱቁ ውስጥ ወጣት ሠራተኛ ነበር፤ ልላከው ማለት አልፈለግሁም፤ ግትር ነኝ፣ የጀመርኩትን ራሴ ነው የምጨርሰው። በቤቱ ደረጃ ወጣሁ። ከውስጥ ሆኜ እጄ የሚደርሰው መስኮቶቹ ላይ ያሉት ጋ ብቻ ነው። ስፓናዬን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ሲሚንቶ የለም፣ ሠራተኛ የለም፣ ነገ ጁምዓ ነው፣ ቅዳሜ እመልሳቸዋለሁ አልኩ። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት አሥራ ሁለቱንም ፈታሁ። ቧንቧዎቹን እንዳሉ በመስኮቱ ውስጥ ተውኳቸው። ከታች ላየው ሰው የታሰሩ ይመስላሉ።

የኢንማው ሰው በሙሉ ጭነት ሄደ። ሐጂው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ቅዳሜ ይመለሳል የተባለው ዕቃ አልተመለሰም። እሑድ ወደ ማታ መጣ። ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ክላምፕ በጆንያ ቋጥሬ ዳባብ ላይ ተሳፈርኩ፤ ዳባብ የምንለው ትንሹን አውቶቡስ ነው። ፍተሻው ላይ አንድ ወታደር ጆንያውን በእግሩ ነካ አደረገው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ክላምፕ ነው፣ ልጄ።»

«ምን ያስራል?»

«ሲቃላ።»

«አንተንስ?» ብሎ ሳቀ። አስወረደኝ። አለቃው ተኝቷል፣ እስኪነሳ ጠብቅ ተባልኩ። ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ።

ስደርስ ቤቱ ደጅ አዲስ የሲሚንቶ ከረጢት ተደርድሯል። ሲሚንቶው እሑድ ገብቶ ኖሯል። አሸዋው ላይ አንድ እግር ነጠላ ጫማ አለ፤ አጠገቡ የመለሰኛ ካዞላ፣ ምላሱ ላይ ያለው ጭቃ ገና እርጥብ ነው። እንጨት እጀታው ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሟል። ካዞላው የማን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ።

የኮምቦልቻ ሰው ነው። እንደ እኔው ግማሽ የመኒ፣ ስድሳን የተሻገረ፣ ዓደን ውስጥ ለሳኝ የተባለ ሁሉ የሚያከብረው። ግድግዳ ሲለስን ውሃ ልኩን አያወጣም፣ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ነው የሚያየው። ሱቅ ሲመጣ አማርኛ እናወራለን፤ ስለ ወሎ ሳይሆን ስለ ጉልበታችን። «አንተ ሽማግሌ፣ ብረትህ ከአንተ ይሻላል» ይለኝ ነበር።

አንድ የቀን ሠራተኛ ውሃ ይዞ ብቅ አለ። «ከሦስተኛው ወደቀ፤ ከታችኛው ጣውላ ጋር ተጋጭቶ ነው የወረደው። በሕይወት አለ። ሁሉም አብረውት ሐኪም ቤት ሄደዋል፣ እኔም ለሚስቱ ልነግር ነው» ብሎኝ ሮጠ።

ብቻዬን ቀረሁ። እውነቱን እጽፋለሁ ብያለሁ፤ ልጻፈው። ደረጃውን ወጣሁ። ጆንያውን ፈታሁ። አንድ በአንድ፣ ሁሉንም በየቦታቸው አሰርኩ፤ ብሎናቸውን እስኪጮህ አጠበቅሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ያ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ስወርድ ተቋራጩ ተመለሰ። ቀጥ ብሎ ሄዶ ቧንቧውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነቀነቀው። ንቅንቅ አላለም።

«እዩት! እንደ ጀበል ሐዲድ ቆሟል!» አለ ለተከተሉት። «ሰውየው ሰኞ ሰኞ ይጾማል፣ ፀሐይዋ እሳት ናት፤ ራሱን አዙሮት ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «ያ ዐም፣ ብረቱ ያንተ ነው፣ ምን ትላለህ?»

«ብረቱ ደህና ነው» አልኩ።

ያን ሰዓት እውነት ነበር።

ሐኪም ቤት ስሄድ ጭኑን በብረት ወጥረውታል። ጠያቂዎች ከበውታል። ሲያየኝ «ና፣ ና» አለኝ በአማርኛ። «ምን እንደሆነ ልንገርህ? ካዞላዬን ስዘረጋ ግድግዳው ሸሸኝ። ወላሂ ሸሸኝ። እኔ እዚህ፣ ግድግዳው ወዲያ።»

አንዱ ጠያቂ ነገሩን ሲተረጉሙለት ሳቀ። «ግድግዳ እግር አወጣ?» አለ በዓረብኛ። «አዙሮህ ነው፣ ያ ሸይባ፣ አንተ ሽማግሌ። ጾም ለወጣት ነው።»

«አላዞረኝም።»

«ሲያዞር የሚያዞረው ሰው አያውቅም» አለው ሌላው።

የለሳኙ ዓይን እኔ ላይ ነበር። የብረቱ ሰው እኔ ነኝና ከእኔ ቃል ጠበቀ። እኔ ብርቱካኑን አስቀምጬ «አብሽር፣ ታልፋለች» አልኩት።

ከሐኪም ቤት ከወጣ በኋላ በየሳምንቱ እሄድ ነበር። እግሩ እየጠና መጣ፤ በክራንች ይነሳል። ሌላው ነገር ግን ባሰ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ መተኛት ተወ፤ ዓደን ውስጥ መብራት በሌለበት በጋ ጣሪያ ላይ የማይተኛ ሰው አላየሁም። ሶላት ተቀምጦ መስገድ ጀመረ፣ ለእግሩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሚስቱ በር ላይ አስቆመችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ወንድሜ፣ እግሩ አይደለም» አለችኝ። «ጠዋት ሲነሳ ግድግዳውን ይዞ ‹አንቺ፣ ቤቱ ይንቀሳቀሳል ወይስ እኔ ነኝ?› ይለኛል። በቀን አሥር ጊዜ ይጠይቀኛል። ‹አንተ ነህ› ማለት ፈራሁ፤ ‹ቤቱ ነው› ብለው ደግሞ ውሸት ነው። ምን ልበለው?»

«ይተወዋል» አልኳት።

ሥራ ፈላጊዎቹ ዘንድ ደግሞ ስሙ ወጥቷል። ጠዋት ጠዋት አደባባዩ ላይ ዕቃቸውን እግራቸው ሥር አድርገው የሚቆሙት ለሳኞች «ዞሮበት» ይሉታል አሉ። ዞሮበታል የተባለ ለሳኝ ሲቃላ ላይ የሚያወጣው ሰው የለም። እግሩ ቢድንም ሥራው አልቆለታል። ይሄ ሁሉ ደግሞ አሥራ ሁለቱን ክላምፕ መልሼ ስላጠበቅኋቸው ነው። ሳይታሰሩ ብተዋቸው ተቋራጩ ሲነቀንቀው ሲቃላው ይወዛወዝ ነበር፤ ማንም «አዞረው» አይልም ነበር።

ለሐጂው ነገርኩት። በሩን ዘጋ።

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

«ሰውየው ሞቷል?»

«አልሞተም።»

«እንግዲያስ አልሐምዱሊላህ በልና አንተም እንደ በሩ ዝጋ። ከእኔ ሲቃላ ሰው ወደቀ ከተባለ ማን ይከራየኛል? መንገዱ እኮ አምስት እርምጃ ነው፣ ይሻገራሉ። ለአንተስ ማን ሥራ ይሰጥሃል በዚህ ዕድሜህ?» ትንሽ አሰበ። «ፍየል እንላክለት። ሙክት ይሁን። ለዓፊያህ ብለን። አላህ ልባችንን ያያል።»

ያየ አልመሰለኝም። ግን ፍየሉን ይዤ ሄድኩ።

ከዓስር ሶላት በኋላ ነበር። ለሳኙ ፍራሽ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ፍየሉ ግቢው ውስጥ ሲጮህ ሚስቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ምነው በዚህ ኑሮ ውድነት!» አለኝ። «አንተ ድንጋይ የምትመስል ሰው፣ ሆድህ እንዲህ ነው ለካ። ሁሉም አንዴ ጠይቆኝ ቀረ። አንተ ግን አልጠፋህም። ቁጭ በል፣ ዱዓ ላድርግልህ። ምንም የለኝም፣ ዱዓ ነው ያለኝ።»

ሁለት መዳፉን ዘረጋ። እኛ የወሎ ሰዎች ዱዓ ስንወድ! በሥራ ብዛት የጎበጠ አንድ ጣቱ አልዘረጋለት ብሏል። «አላህ ቤትህን ይጠብቅልህ» አለ። ሚስቱ ከበሩ «አሚን» አለች። «ዓይንህን ይጠብቅልህ።» «አሚን።» «እግርህን ከመሰናከል፣ አንደበትህን ከውሸት ይጠብቅልህ። የሚጎዳህን ሰው አያሳይህ።»

እጄ ጉልበቴ ላይ ነው። አላነሳሁትም።

«አሚን በል እንጂ አንተ!» ብሎ ሳቀ። «ዱዓም በኪራይ ነው እንዴ የምትወስደው?»

«አልልም» አልኩ።

«ምን?»

«አሚን አልልም። ክላምፖቹን የፈታሁት እኔ ነኝ። ከመስኮቱ። ሐሙስ ቀን ፈታኋቸው፣ ሰኞ አንተ ወጣህ። ከወደቅህ በኋላ ደርሼ መልሼ አሰርኳቸው። ተቋራጩ የነቀነቀው እኔ ካሰርኩት በኋላ ነው። አላዞረህም። ሲቃላው ነው የሄደው።»

የተዘረጋው መዳፉ እንደተዘረጋ ቀረ። ሚስቱ በሩን ያዘች። ፍየሉ ብቻ ይጮሃል።

«ሄዷል?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሄዷል።»

«ግድግዳው ሸሽቶኛል?»

«ሸሽቶሃል።»

ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ፊቱ ላይ የመጣው ነገር ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። «ሰማሽ? ሰማሽ አንቺ? ሸሽቷል! አላልኩሽም? ለሐኪሙስ አላልኩትም?» እሷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ክራንቹን አንስቶ ወረወረብኝ። ትከሻዬን አገኘኝ።

«እግሬን ሰበርክ፣ እሺ!» አለ። «እግር ነው፣ ይጠገናል። ራሴን ለምን ወሰድክብኝ? ሁለት ወር ሙሉ ከዚህች ሴት ጋር ቤቱ ነው እኔ ነኝ እያልኩ! ብርቱካን ይዘህ እየመጣህ! አጠገቤ ቁጭ ብለህ!»

«አፉ በለኝ» አልኩት።

«አልልም። ፍየልህንም ይዘህ ውጣ።»

ፍየሉን እየጎተትኩ ግቢውን ላልፍ ስል ጠራኝ። ከፍራሹ ሆኖ ነው።

«አንተ! ‹ዞሮበት› ያሉኝ አደባባይ ላይ ነው። አደባባይ ላይ ትናገራለህ። በዓረብኛ። እኔ እየሰማሁ።»

ነገሩ ይሄው ነው። አከራይ ያለው ቃሉ ብቻ ነው። ደንበኛ ብሎኑን ፈትሾ አይወስድም፤ «ሙሉ ነው» ስለው አምኖ ነው ጣውላው ላይ ሰው የሚያወጣው። ያንን አደባባይ ላይ ሄጄ በገዛ አፌ ላፍርሰው ማለት ነው። የልጆቼ እናት ስነግራት ዳቦ እየቆረሰች ነበር። «ምን እንበላለን?» አላለችኝም። «ሸሚዝህን ቀይር፣ ቆሻሻ ነው» ብቻ አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ለሳኙ በታክሲ መጥቶ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ተቀምጧል። ለሳኝ፣ ግንበኛ፣ ቀለም ቀቢ፣ ሠላሳ አርባ ሰው ቆሟል። አብዛኞቹ ያውቁኛል። አንዱ «ያ ዐም፣ ሠራተኛ ልትቀጥር ነው ወይስ ልትቀጠር?» አለኝ። ተሳሳቁ። የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ወጣሁና ተናገርኩ። ረጅም አልነበረም። የፈታሁበትን ቀን፣ የፈታሁበትን መስኮት፣ መልሼ ያሰርኩበትን ሰዓት ነገርኳቸው። «ሰውየው አልዞረበትም፤ ቀጣፊው እኔ ነኝ» አልኩ።

አንድ ወጣት ለሳኝ መጥቶ እግሬ ሥር ተፋ። «እኔም ያንተ ብረት ላይ ወጥቼ አውቃለሁ» አለኝ። ይሄ ቃል ከክራንቹ በለጠብኝ። ስንት ሰው፣ ስንት ዓመት፣ ስንት ቤት ላይ «መዋዋስ» እያልኩ። አንድም ሰው ስላልወደቀ ደግ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ታክሲው ሄደ። ለሳኙ መስኮቱን ዘግቶ ነው የሄደው።

ዜናው ከእኔ ቀድሞ ሐጂው ዘንድ ደርሷል። «ቤትህ ተቀመጥ» አለኝ። አልጮኸብኝም። የኢንማው ሰውዬ ዕቃውን መልሶ መንገዱን ተሻግሯል፤ ሌሎችም ተሻግረዋል። ቤቴ ተቀመጥኩ። ቤት መቀመጥ የማላውቀው ሥራ ነበር።

አንድ ወር አልፎ የለሳኙ ሚስት ደወለችልኝ። «ይጠራሃል» አለች።

ግቢው ውስጥ በአንድ ክራንች ቆሟል። አልጨበጠኝም። ወደ ቤቱ የጎን ግድግዳ አመለከተኝ፤ ልስኑ ተላልጧል። «አደባባይ ላይ ሰምተዋል» አለኝ። «አሁን እየጠሩኝ ነው። እኔ ግን ወንበር ላይ እንኳ ስወጣ ግድግዳ እይዛለሁ። ሲቃላ አምጣ። ሁለት ሜትር ይበቃል። አንተ ትከለዋለህ፣ አንተ ታስረዋለህ፣ አንተ ከታች ትቆማለህ።»

ሐጂው ዘንድ መሄድ አልቻልኩም። መንገዱን ተሻገርኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ደንበኛ ከባንኮኒው ወዲህ ቆምኩ። ተቀናቃኜ የነበረው ሰው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ለስንት ቀን?» አለኝ።

እኔ ራሴ ቀን ሳይቆረጥ ብረት አስወጥቼ አላውቅም። «አላውቅም» አልኩት።

«አላውቅም የሚባል ቀን የለም፣ ያ ዐም። አንተ ነህ ያስተማርከን።»

መታወቂያዬን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ጥቂት አይቶት ወደ መሳቢያው ከተተውና ሠራተኛውን ጠራ።

ተከልኩት። እያንዳንዷን ክላምፕ ሦስት ጊዜ አጠበቅኋት። በመስኮቱ ቧንቧ አስገብቼ ከቤቱ ጋር አሰርኩት። ለሳኙ ቆሞ እያንዳንዱን አየ፤ ከዚያ ስፓናውን ከእጄ ወስዶ ራሱ እንደገና አጠበቀ። መወጣጫው ላይ እግሩን አደረገ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ቆመ። ቧንቧውን የያዘው እጁ ነጭ ሆኗል።

«ይንቀሳቀሳል ወይስ እኔ ነኝ?» አለኝ ወደ ታች ሳያይ።

«አልተንቀሳቀሰም።»

«ማል።»

«ወላሂ አልተንቀሳቀሰም።»

ላቡ ከአገጩ ትከሻዬ ላይ ጠብ አለ። ቃሌን እየመዘነ እንደሆነ ገባኝ፤ ሌላ የሚመዝነው ነገር እዚያ አልነበረም። የእኔን ቃል ካመነ ራሱ ዞሯል፤ ራሱን ካመነ ደግሞ እኔ እንደገና ውሸታም ነኝ። ከታች ሆኜ ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅሁ። ከሦስተኛው አላለፈም። ቀስ ብሎ ወረደ፣ ክራንቹን ያዘ፣ ግድግዳው ላይ መዳፉን ለጥፎ ቆየ።

«ነገ ና» አለኝ። «ስፓናውን ይዘህ ና።»

በማግስቱ ሄድኩ። ከዚያም በማግስቱ። አፉ አላለኝም፣ እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኩትም። ትናንት አራተኛው መወጣጫ ላይ ወጥቶ ካዞላውን አቀብለኝ አለኝ። አቀበልኩት፤ አንድ መዳፍ የምታህል ልስን ለጠፈና ወረደ። ሲቃላው ገና ግቢው ውስጥ ነው፤ መቼ እንደሚመለስ አላውቅም።